ቃጭል ሲያልፍ

የአገሩን ስም አልጽፍም። ስሙን እየጠሩ የጻፉ ሰዎች ነበሩ፤ ምን እንደተጠቀሙ አላየሁም። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ እሱንም ከኋላ ተቀምጬ። ስለዚህ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው። በዚያ አገር ደግሞ ማየት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

በዚያ አገር ሹም በመንገድ ሲያልፍ ከፊት ከፊቱ ቃጭል የሚያንቃጭል ሰው ይሄዳል። ቃጭሉን የሰማ ሁሉ ባለበት ቆሞ ያቀረቅራል። ድምፁ ርቆ እስኪጠፋ ድረስ የሚታየው መሬት ነው። የሹም ፊት አይታይም። ልጆች ከፊደል በፊት ማቀርቀር ይማራሉ። ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን ደንበኛው ጉሮሮ ላይ እንዳደረገ ያቀረቅራል። ቀብር የሚሄዱ ሰዎች ሬሳውን እንደተሸከሙ ያቀረቅራሉ። ወደ ላይ የሚያየው ሬሳው ብቻ ነው፤ ለእሱ እስካሁን ሕግ አልወጣለትም።

ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ሳላቀረቅር ቀረሁ። ሹሙ ብብቱን እያከከ ነበር። ደስ ብሎኝ ሄጄ ለመምህር ዘርፉ ነገርኩት።

«ምን አየህ?» አለኝ።

«ሹሙ ብብታቸውን ሲያኩ።»

«ያየኸው መሬት ነው።»

«ኧረ ብብታቸውን ነው፣ የኔታ።»

በእንጨት ማስመሪያው ጠርዝ አናቴን አለኝ። ጠባሳው አሁንም አለ። በማግስቱ ከፊት ወንበር አንሥቶ ከኋላ አስቀመጠኝ፤ ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው አልታየኝም፤ ትምህርቴም በዚሁ ቀረ። ይህን የማነሣው ቂም ይዤ አይደለም። እንዲታወቅ ያህል ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ። ነገሩ የጀመረው በልብስ ነው። ገመድ ላይ የተሰጣ ጋቢ ጠፋ። የአንዱ ወንበር፣ የሌላው የውሃ በርሜል ተከተለ። ከዚያ የየሺመቤት በር ጠፋ። የሺመቤት ዳቦ ጋግራ የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት፤ ምላሷን የማይፈራ የሰፈር ሰው የለም። በሩ የጠፋው እሷው ራሷ ደጃፉ ላይ ቆማ ሳለ ነው። ቃጭል ሰምታ አቀርቅራለች። ሹሙ እዚያው አካባቢ ቆም አሉ መሰለኝ፣ ቃጭሉ ቶሎ አልራቀም አለችን። ከኋላዋ መዶሻ ነገርም ሰምታለች። የሹም መዶሻ ነው ብላ ዝም አለች። ቃጭሉ ርቆ ቀና ስትል በሩ ከነማጠፊያው የለም።

ስርቆቱ ሁሉ በጠራራ ፀሐይ ነው። ሌሊት ውሾቻችን አሉ። ውሻ ቃጭል አያከብርም።

በዚያ ሰሞን ደግሞ ሹማምንት በሰፈራችን ማለፍ አብዝተው ነበር። ድሮ ቃጭል የምንሰማው አልፎ አልፎ ነው፤ አሁን ጧትም ማታም ሆነ። ሰፈራችን ተወደደ ብለን ኮራን። አንዳንዶቹማ ማቀርቀሪያ ቦታቸውን መጥረግ ጀመሩ።

በሩ ከጠፋ በኋላ የሰፈሩ ሰው በእድሩ ድንኳን ተሰበሰበ። ጥበቃ ይቋቋም ተባለ። ሰብሳቢው አቶ ልሣነወርቅ ናቸው። አቶ ልሣነወርቅ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሹማምንት ካባ አጣፊ ሆነው ሠርተው በጡረታ የተገለሉ ሰው ናቸው፤ ካባ ሲያጥፉ ኖረው የአንድም ባለ ካባ ፊት አያውቁም፤ ይህንንም እንደ ሜዳልያ ያወሩታል። ልጃቸውን ሲድሩ ከዕቃ አጣቢዎቹ ጎን ያስቀመጡኝም እሳቸው ናቸው። እሱን እዚህ ላይ አላነሣውም።

ስብሰባው ግማሽ ቀን የፈጀው የጥበቃው ስም ላይ ነው። በመጨረሻ «ንቁ ዓይን» ተባለ። ቀጥሎ ደንብ ወጣ። ጠባቂ በተመደበበት ሰዓት ዓይኑን ለአፍታ ከመንገዱ አያነሣም፤ የሚያቀረቅረው ቃጭል ሲሰማ ብቻ ነው። ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ። ለእያንዳንዳችን ፊሽካና ቆመጥ ተሰጠን።

የጥበቃ ቦታ ሲከፋፈል ደህና ደህናው፣ ጥላ ያለው፣ ለሰላምታ የሚመቸው ለሌሎች ሆነ። ለእኔ ከታች በኩል፣ የቆዳ ፋብሪካው እጣቢ የሚወርድበት ቦይ አፋፍ ደረሰኝ። ለምን ብዬ ብጠይቅ አቶ ልሣነወርቅ በትሕትና መለሱልኝ።

«ይርዳው፣ አንተ ሽታ ትችላለህ።»

ሰው ሳቀ። ቻልኩት።

ጥበቃው ሥራ በጀመረ በሳምንቱ የእድሩ ትልቁ ብረት ድስት ጠፋ። ያ ድስት ለሁለት ሰው ሸክም ነው። ለሐዘንም ለሠርግም የምንበላው ከእሱ ነበር። የጠፋው መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ቆመጥ በያዙ ሰዎች ተሞልቶ ሳለ ነው። ማታውን ተሰብስበን አቶ ልሣነወርቅ ሪፖርት አቀረቡ። ጠባቂዎች ሁሉ በቦታቸው ነበሩ፤ ያንቀላፋ የለም፤ በሰፈሩ ከአንድ ሹም በቀር ወፍ እንኳ አላለፈም። ስለዚህ ሌባው ከውጭ አልመጣም ማለት ነው።

እኔ ከቦዩ አፋፍ ሆኜ ያየሁትን ልናገር ብዬ ተነሣሁ። መሬት መሬቱን ሳይ ከሹሙ ኋላ የሁለት ሰው ባዶ እግር አልፏል፤ እግሮቹ ሸክም የከበደው ሰው አረማመድ ነበራቸው። አቶ ልሣነወርቅ ሹም ዕቃ ማስያዙ ያለ ነው፣ ተቀመጥ አሉኝ። ተቀመጥኩ።

ከዚያ የምርመራው ጥበብ መጣ። ቃጭሉ ሲያልፍ ሁላችንም መሬት እያየን ነበር፤ መሬት የሚያይ ሰው እጁን የትም አይሰድም። እንግዲያው ሌባው ያላቀረቀረ ሰው ነው። በሰፈሩ የማያቀረቅር ማነው? አንድ ሰው ብቻ አለ። ገብረየስ።

ገብረየስ ገመድ ፈታይ ነው። በጎልማሳነቱ ማጅራት ገትር ይዞት ነፍሱ ስትተርፍ ጆሮው ቀረ። አባቱ በሠራው ቤት ደጃፍ ላይ ቃጫውን ይዞ ቁጭ ይላል፤ ቃጭል አይሰማም፤ ስለዚህ አያቀረቅርም። እውነቱን ለመናገር እኔም ገብረየስን አልወደውም ነበር። ለዓመታት ከኋላው መጥቼ እንዴት ዋልክ ስለው መልሶልኝ አያውቅም። ጆሮው እንደማይሰማ ዘግይቼ ነው ያወቅሁት። ያም ሆኖ ቢሰማም አይመልስልኝም ነበር ብዬ ቂሜን አልተውኩም።

ገብረየስን ጠርተው በምልክት ጠየቁት። እሱ የድምፁን መጠን ስለማያውቅ ድንኳኑ እስኪሰማ ድረስ ተናገረ። ድስቱን የወሰደው ቃጭል ይዞ የሚመጣው ሰውዬ ነው፤ የየሺንም በር የወሰደ እሱ ነው፤ ስንት ጊዜ ልነግራችሁ እጄን ሳወናጭፍ ነበር፣ እናንተ መሬት መሬት ታያላችሁ አለ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ጆሮውን ያዘ። አንደኛ ሹም አይቷል፤ ሁለተኛ የሹም ስም አጥፍቷል፤ ሦስተኛ ድስት ሰርቋል። በገበያው ማግስት ሸንጎ ቀርቦ ከሰፈር እንዲነቀል ተወሰነ። ከሰፈር የተነቀለን ሰው ሌላ ሰፈር አይቀበለውም። ቤቱ ይፈርስና ከቆሻሻ መድፊያው ማዶ ሄዶ ይኖራል። መኖር ከተባለ።

እኔ በሆዴ እሰይ አልኩ። እሰይ ብዬም በቀረሁ ነበር፤ ግን አቶ ልሣነወርቅ ከስብሰባው በኋላ ለብቻዬ ጠሩኝ። ለገብረየስ ቤት ቅርብ የነበርኩት ጠባቂ እኔ ስለሆንኩ ምስክሩ እኔ ነኝ። ድስቱን ሲሸከም አይተሃል ወይ ተብዬ እጠየቃለሁ።

«እኔ እኮ መሬት ነበር የማየው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። አንተ ብዙ አትቀባጥር። ‹አዎ› ካልክ ይበቃል።»

ይህች ቃል ከነከነችኝ። መምህር ዘርፉ ከእኔ የፈለገው «አዎ» ነው። የእድሩ ዳኛ ድንኳን ትከል ሲለኝ የሚፈልገው «አዎ» ነው። ሚስት ስጠይቅ የልጅቱ አባት ለሌላ ሰጥቻታለሁ፣ ቅር አይልህም አይደል ብሎኛል፤ አዎ አልኩት። በሕይወቴ ሙሉ ሰው ከአፌ የጠበቀው ሌላ ቃል የለም። አንድ ቃል ብቻ የሚጠበቅበት ሰው ያችን ቃል ሲከለክል ምን እንደሚመጣ ማየት አማረኝ።

በማግስቱ ገብረየስ ደጃፍ ሄድኩ። የሄድኩት ላጽናናው አይደለም። በዚህ ጊዜ ግን በፊቱ በኩል መጣሁ።

ቃጫውን ሳይለቅ አየኝ። «ምስክሩ አንተ ነህ አሉ» አለኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። በእጄ ቀስ በል አልኩት። ከንፈሬን እንዲያይ ፊቴን አስጠግቼ፣ ያ ሰውዬ በእርግጥ ሹም አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ። «ሹም አይቼ አላውቅም። ድስት ሲወሰድ ግን አይቻለሁ።»

ቃጫውን ፈተል አደረገና ጨመረ፦ «አናትህ ላይ ጠባሳ አለ። የሁላችሁንም አናት አውቀዋለሁ። የልሣነወርቅ መላጣ ነው፤ በዘይት ያሹታል መሰለኝ። የየሺ ሹሩባ ወደ ግራ ይጎትታል። ያንተ ጠባሳ አለበት። ማን መታህ?»

ያንን ጠባሳ ማንም አይቶልኝ አያውቅም ነበር። ሁሉም ሲያቀረቅር እኔም አብሬ አቀረቅራለሁና ማን ያየዋል። ወደ ቦዬ ተመለስኩ።

የገበያው ዕለት ረፋድ ላይ ቃጭሉ መጣ። ከእኔ በቀር ተረኛው ሁሉ መንገዱ ዳር ቆመጡን ተደግፎ አቀረቀረ። እኔ አላቀረቅርም ብዬ ቆሜያለሁ፤ አንገቴ ግን አልሰማኝም፣ በራሱ ጊዜ ወረደ። እንደገና ቀና አደረግሁት፤ እንደገና ወረደ። በመጨረሻ አገጬን በእጄ ይዤ ወደ ላይ ደገፍኩት። እንዲህ ሆኜ፣ ጥርሱን እንዳመመው ሰው፣ አየሁ።

ቃጭሉን የሚያንቃጭለው ከሲታ ሰውዬ ነው። ከኋላው ሹም የለም። ሹሙም እሱ፣ አንቃጫዩም እሱ። የለበሰው ካባ የመስኮት መጋረጃ ነው፤ የመጋረጃው ቀለበቶች ትከሻው ላይ እንደተንጠለጠሉ ናቸው። ከእሱ ኋላ ሁለት ጎረምሶች የየሺመቤትን የሊጥ ገበቴ ከነሊጡ ተሸክመዋል።

ሰውዬውም አየኝ። እንዲህ ያለ ፍርሃት በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። ይህ ሰው ሥራውን ከጀመረ ጀምሮ ያየው አናት ብቻ ነው። ቆመ። ፊቴን አየ፣ ቆመጤን አየ፣ እጄ ላይ ያረፈውን አገጬን አየ። ቃጭል ሰምቶ የማያቀረቅር ሰው ከሹም በላይ መሆን አለበት ብሎ ሳያስብ አልቀረም። ለጎረምሶቹ ምልክት ሰጠ፤ ገበቴውን አወረዱት። ከዚያ ሦስቱም እጅ ነሥተው አቀረቀሩልኝ።

በዕድሜዬ ሰው ሲያቀረቅርልኝ የመጀመሪያዬ ነው። ትንሽ አቆየኋቸው። ከዚያ ፊሽካዬን ነፋሁ።

አሁን የሆነውን ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር። ቃጭሉ ስለቆመ ፊሽካው ጥርት ብሎ ተሰማ። ነገር ግን ቃጭል ቆሞ ፊሽካ ሲነፋ ምን እንደሚደረግ ደንቡ ላይ የለም። ከጠባቂዎቹ ቀና ያለ አልነበረም። አቶ ልሣነወርቅ እንዳቀረቀሩ ከወዲያ ተጣሩ።

«ሹሙ አለፉ?»

«ሹም አይደለም፤ ሌባ ነው፤ ያዙት» አልኩ።

ሌባው ይህን ሲሰማ እግሬ አውጪኝ አለ። ቃጭሉን ግን አልጣለም፤ ይዞት ሮጠ። ሲሮጥ ቃጭሉ ይጮኻል፤ ቃጭሉ ሲጮኽ በመንገዱ ሙሉ ያለው ሰው ያቀረቅራል። ጠባቂዎቹ መሐል ለመሐል፣ ካባው የአንዱን ቆመጥ እየነካ፣ አልፎ ሄደ። አንድ ጠባቂ ኋላ እንደነገረኝ ሹሙ ስለቸኮሉ ይበልጥ ዝቅ ብሏል።

በእጄ የቀረልኝ የሊጡ ገበቴ ነው። የሺመቤት መጥታ ገበቴዋን አየች፣ እኔን አየች። ሌባ ነው ብዬ ነገርኳት፤ መጋረጃውን፣ ቀለበቱን ነገርኳት። መጋረጃው ምን ዓይነት ነው አለችኝ። አረንጓዴ፣ ባለ ዘንባባ አልኳት።

«የእኔ ነው» አለች። «አምና የጠፋኝ።» ከዚያ ሊጡን በጣቷ ጫን አድርጋ እየሞከረች፣ «ለራሴ መጋረጃ ሳቀረቅር ከረምኩ በለኛ» ብላ ገበቴውን ተሸክማ ገባች።

ሸንጎው በማግስቱ ተቀመጠ። የሸንጎው ሹም ከመጋረጃ ያልተሠራ እውነተኛ ካባ አላቸው። የሸንጎ ሥርዓት እንዲህ ነው፦ ቃጭሉ ሲመታ ሕዝቡ ያቀረቅራል፤ ሹሙ ገብተው ይቀመጣሉ፤ ውሳኔው ይነበባል፤ በውሳኔው የተስማማ እንዳቀረቀረ ይቆያል። በዚያ ሸንጎ ያልጸደቀ ውሳኔ ኖሮ አያውቅም።

ገብረየስ መሐል ላይ ቆሟል፤ ግራ ቀኙን ያያል፤ የሚያየው አናት ነው። ልብሱን በአንድ ጆንያ ጠቅልሎ አጠገቡ አስቀምጧል። ራሱ በፈተለው ገመድ ነው ያሰረው።

ቃጭሉ ተመታ። ሕዝቡ አቀረቀረ። እኔ አገጬን ያዝኩ።

ሹሙ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ወፈር ያሉ፣ ዓይናቸው ደከም ያለ፣ የማንም ጎረቤት የሚመስሉ ሰው ናቸው። በክብሪት እንጨት ጥርሳቸውን ይጎረጉራሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠብቀው የነበረ ፊት ይኸው ነው። አቶ ልሣነወርቅ እንዳቀረቀሩ ክሱን በቃላቸው አሰሙ፤ ምስክሩ ይርዳው ነው አሉ። ሹሙም ይህ ሰው ድስቱን ሲሸከም አይተሃል ብለው፣ ጥርሳቸውን ሳይተዉ፣ ጠየቁ።

«አላየሁም» አልኩ።

ቃሉ ለአፌም አዲስ ነበር። አቶ ልሣነወርቅ ከሥር ሆነው «አዎ በል» ሲሉ ሰማኋቸው። ሹሙ ድምፁ ከየት እንደመጣ ሊያዩ ሲዞሩ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። የክብሪት እንጨቱ ከእጃቸው ወደቀ።

«አንገትህን ምን ነካው?»

«ምንም አልነካው፣ ጌታዬ። ደህና ነው።»

«ምንድን ነው የምታየው?»

«እርስዎን። ጥርስዎን ሲጎረጉሩ ነበር። ትናንት ደግሞ መጋረጃ ለብሶ፣ ቃጭል ይዞ፣ ገበቴ የሚሰርቅ ሰው አይቻለሁ። ድስቱንም የወሰደው እሱ ነው። ገብረየስ ከሁላችንም በፊት አይቶታል። እሱ ይነቀል ከተባለ ያየ ሁሉ ይነቀል፤ እኔም አይቻለሁ።»

ሹሙ ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ያየኸው መሬት ነው አሉኝ። ይህን ሲሉ የአናቴ ጠባሳ በላኝ። ቃሉ አንድ ነው፤ ሳይማከሩ ነው የሚሉት።

«አይደለም» አልኩ። «መሬትን አውቀዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው ነው የኖርኩት። መሬት ጥርስ አይጎረጉርም።»

ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው ሳቁን በአፍንጫው ለቀቀ። ከዚያ የየሺመቤት ድምፅ መጣ። «እስቲ ቆይ፣ እኔም ልየው፤ በሬን የከፈልኩበት ነገር ነው» አለችና ሹሩባዋን ወደ ኋላ ጥላ ቀና አለች። አጠገቧ የነበረው ጋቢ የጠፋበት ሰውዬ ምን እንዳየች ለማወቅ ቀና አለ። የበርሜሉ ባለቤት ተከተለ። የቀሩት ከጎናቸው ያለው ሰው አንገት ከፍ ሲል ጥላው ስለጎደላቸው ነው መሰለኝ አንድ በአንድ ቀና አሉ። ሁሉም አላለም። አቶ ልሣነወርቅ ጉልበታቸውን እስኪነኩ ድረስ ዝቅ ብለው ነበር።

ሹሙ ያንን ሁሉ ፊት አዩ። ወዴት እንደሚያዩ ጠፋቸው። ወደ ቀኝ ቢያዩ ፊት ነው፣ ወደ ግራ ቢያዩ ፊት ነው፤ ፊቶቹ ደግሞ ያያሉ። ሲጨንቃቸው ጊዜ፣ ሹሙ መሬት አዩ።

እንዳቀረቀሩም ተነሥተው ወጡ። ቃጭል አንቃጫዩ ልምታ አልምታ እያለ ቃጭሉን ደረቱ ላይ ይዞ ተከተላቸው። ውሳኔው አልተነበበም፤ ያልተነበበ ውሳኔ ደግሞ አይጸናም። ገብረየስ የሆነው አልገባውም፤ ጆንያውን ሊሸከም ሲል የሺመቤት ከእጁ ነጠቀችውና ወደ ቤቱ አቅጣጫ ጣቷን ቀሰረችለት።

ከዚያ በኋላ እኔ ከጥበቃው ተባረርኩ። ምክንያቱ ፊሽካን ከቃጭል በላይ መንፋት ተብሎ ተነግሮኛል። ቦዩን ለሌላ ሰው ሰጡት፤ እሱም ሽታ ይችላል አሉ። እኔና ገብረየስ ዛሬም አንግባባም። በፊቱ በኩል እየሄድኩ እንዴት ዋልክ እለዋለሁ፤ አንዳንዴ ይመልሳል፣ አንዳንዴ ቃጫውን ያያል። አውቆ እንደሚያደርገው ጠርጥሬያለሁ።

በሰፈራችን ከዚያን ጊዜ ወዲህ ምንም ነገር አልጠፋም። ቃጭል ያነገበ ሁሉ፣ እውነተኛውም ባለ መጋረጃውም፣ በሰፈራችን ማለፍ ትቷል፤ ዞሮ በላይኛው መንገድ ይሄዳል። በቃጭል የሚያልፉ ፍየሎች ብቻ ናቸው፤ ለእነሱ አቶ ልሣነወርቅ እስካሁን ያቀረቅራሉ።

ባለፈው ደግሞ ከከተማው ሰዎች መጥተው በሰፈሩ መግቢያና መውጫ ሰሌዳ ሰቅለው ሄዱ። «አስጊ ሰፈር» ይላል። አቶ ልሣነወርቅ አለቀሱ። የሺመቤት አዲሱን በሯን ከፍታ ዳቦዋን ሸጠች። ሰሌዳው የተሰቀለው ከምሰሶው ጫፍ ላይ ነው፤ አቀርቅሮ ለሚሄድ ሰው አይታይም። እኔ በየቀኑ በሥሩ አልፋለሁ። አገጬን ሳልይዝ ቀና ብዬ አነበዋለሁ።